ጣና ላይ በጀልባ ወፍና ጉማሬ ለማየት፦ ሰዓቱ፣ መቀመጫው፣ ርቀቱ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሳፈር ሰው ብዙውን ጊዜ ዓሣ አዳኙን ንስርም የይብራውን (የፔሊካኑን) መንጋም በቅጡ ሳያይ ይመለሳል። ወፎቹ ጠፍተው አይደለም። ጀልባው የተነሣው ሰው ሊያደርስ ነው፤ ከወደቡ ወጥቶ በሙሉ ጉልበት ይበራል፣ ሸምበቆውን ሸሽቶ በመሐል ውኃ ያቋርጣል፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ይደርሳል፣ ንፋስ ሲነሣ ይመለሳል። ያው ጀልባ፣ ያው ካፒቴን፣ ያው ቤንዚን ሆኖ የመነሻው ሰዓት፣ የምትቀመጡበት ጎንና ፍጥነቱ ብቻ ቢቀየሩ ጉዞው ሌላ ጉዞ ይሆናል።

ፍጥነቱ የሚወሰነው ውኃው ላይ ሳይሆን ወደቡ ላይ፣ ዋጋ ስትነጋገሩ ነው። «ዘጌ ደርሶ መልስ ይህን ያህል» ተብሎ ከተቆረጠ ካፒቴኑ የሚጠቀመው ቶሎ ሲመለስ ነው፤ በየሸምበቆው ጥግ ሞተር አጥፍቶ መቆም ለእሱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በሰዓት ተዋዋሉ። አምስት ሰዓት ካላችሁ አምስት ሰዓት በሉት፤ የት የት እንደምትቆሙና ቤንዚኑ በማን ሒሳብ እንደሆነ ሳትነሡ ይለይ። ወፍ ለማየት እንደወጣችሁ፣ ገዳም መግባቱ ሁለተኛ እንደሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት። ውኃው ላይ ያደገ ካፒቴን የትኛው ዋርካ ላይ ጎጆ እንዳለ፣ ጉማሬዎቹ ሰሞኑን የት እንደሚውሉ ያውቃል። ካልተጠየቀ ግን ለምን ብሎ ይናገራል?

የከተማዋ ስም ባሕር ዳር ስለሆነ «የባሕር ወፍ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። መልሱ አለም የለምም ነው። አልባትሮስን የመሳሰሉ የውቅያኖስ ወፎች ዕድሜያቸውን በጨው ውኃ ላይ የሚገፉ ናቸው፤ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ የጨዋማነት ጠረን የሌለው ሐይቅ ላይ ምንም ሥራ የላቸውም። ገል የሚባሉት ነጭና ግራጫ ወፎች፣ ከእነሱ አነስ ብለው ጅራታቸው የተቆረጠ ወይም የተሰነጠቀ የሚመስለው ተርኖች ግን ጨዉንም ጣፋጩንም ውኃ ይችላሉ፤ በበጋ ከሰሜን መጥተው ጣና ላይ ይከርማሉ። ከወደቡ ወጣ እንዳላችሁ ከውኃው በላይ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ወዲያ ወዲህ እያለ ድንገት ፊቱን ወደ ታች የሚነክር ቀጭን ነጭ ወፍ ካያችሁ ተርን ነው።

ሐይቁ ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥልቀቱ ግን ከሚታሰበው በታች ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ለወፍ ተመልካች ከስፋቱ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ዳር ዳሩ ረዥም ርቀት ጉልበት የማያልፍ ውኃ በመሆኑ በእግሩ ቆሞ የሚያጠምድ ወፍ፣ ከቅጠል ቅጠል የሚራመድ ወፍ፣ ጭቃ የሚቆፍር ወፍ ሁሉ ቦታ ያገኛል። የውኃው ከፍታም በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይዋዥቃል፤ ክረምቱ እንዳለቀ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ይጎድላል። ሲጎድል የሚገለጠው ጭቃ ለወፍ ማዕድ ነው።

ወሩን ለመምረጥ እንግዶቹን ማሰብ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚወርዱት ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ይበዛሉ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይሄዳሉ። ነዋሪዎቹ፣ ማለትም ዓሣ አዳኙ ንስር፣ ነጭና ጥቁሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ቅጠል ላይ የሚራመደው ጃካና፣ የግብፅ ዝዩ፣ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ክረምቱን ብዙዎች ይንቁታል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግን ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ሊራባ ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል። ከዚህ ወገን 15 የሚሆኑት ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። ዓሣ በተሰበሰበበት ዓሣ በሊታ ወፍ አይታጣም። ችግሩ ጉማራና ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ በዚያን ወቅት አፈር ጭነው የሚገቡ መሆናቸው ነው። ውኃው ቡና መስሎ ሲደፈርስ ከላይ አይቶ የሚወረወር ወፍ ያጣል፤ ስለዚህ የደፈረሰውና የጠራው ውኃ የሚገናኙበትን መስመር ተከተሉ፤ ተርኖቹም እዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ጣና ጠዋት መስተዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነሣል፤ ከ7 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ማዕበሉ ጀልባውን እያነሣ ሲጥል በቢኖኩላር ማየት ቀርቶ መቀመጥም ያሰለቻል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡን ልቀቁ። ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይብራና አባ ኮዳ ከባድ ወፎች ናቸው፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ መሄድ አይወዱም፣ ምድር ሞቆ አየር ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ውኃው ላይ ወይም ዛፍ ላይ ይቆያሉ። ከ3 ሰዓት ተኩል፣ ከ4 ሰዓት በኋላ በክብ እየዞሩ ሰማይ ይወጣሉ። ከዚያ ወዲያ የምታዩት ነጥብ ነው።

መቀመጫውን ብዙ ሰው አያስብበትም። ዘጌ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ጠዋት ስትሄዱ ፀሐይ ከኋላና ከቀኝ ትመጣለች፤ በግራ በኩል ያለው ወፍ ፊቱ በርቶ ይታያል፣ በቀኝ ያለው ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ከሰዓት ስትመለሱ ጀልባው ዞሯል፣ ፀሐይም ወደ ምዕራብ ዞራለች፤ አሁንም የሚበራው ግራው ነው። ባጭሩ በሁለቱም ጉዞ በግራ ተቀመጡ። የጀልባው ጣሪያ ምሰሶ ፊታችሁ እንዳይቆም ትንሽ ወደ ፊት እለፉ፤ ከኋላ ከተቀመጣችሁ የሞተሩ ንዝረት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል።

ወፍ ያየ ሰው «ያውና፣ ያውና!» ብሎ ጣቱን ሲቀስር ሌላው ሳያይ ወፉ ይሄዳል። የግድግዳ ሰዓት ተጠቀሙ፤ የጀልባው አፍንጫ 12፣ ቀኝ 3፣ ኋላ 6፣ ግራ 9። «10 ላይ፣ ከሸምበቆው ጫፍ በላይ» ካላችሁ ሁሉም ያገኘዋል። (በኢትዮጵያ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ ብሎ የሚያደናግር አይጠፋም፤ አቅጣጫ ነው፣ በሁለቱም አንድ ነው።)

ቢኖኩላር ስትመርጡ ትልቅ ቁጥር አያታልላችሁ። 8 በ42 የተጻፈበት ስምንት ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለጀልባ ይህ ወይም 7 በ50 ይበቃል። 10 እና 12 ጊዜ የሚያቀርበው ወፉን ብቻ ሳይሆን የእጃችሁንና የጀልባውን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላል፣ የሚታየውም ሜዳ ይጠባል፤ የሚበር ወፍ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ይሆናል። ከመነሣታችሁ በፊት ወደቡ ላይ ለዓይናችሁ አስተካክሉት፦ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመሐሉ መዘውር ሩቅ ያለ ጽሑፍ አጥሩ፤ ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ መዘውሩን ሳትነኩ በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ያለውን ቀለበት እስኪጠራ አዙሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ፣ ሁለተኛ አይነካም። ብዙ ሰው «የእኔ ቢኖኩላር ራስ ያሳምመኛል» የሚለው ይህን ስላላደረገ ነው። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የጎማውን አንገት ወደ ታች አጥፉት። ክንዳችሁን ጎናችሁ ላይ ደግፉ እንጂ የጀልባው ብረት ላይ አታስደግፉ፤ ብረቱ የሞተር ንዝረት ተሸካሚ ነው። ፎቶ የሚያነሣ ሰው የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/1,000ኛ ሰከንድ እንዳያዘገየው።

ከወደብ ወጥታችሁ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ ሂዱ። ይህ አካባቢ ብቻውን የግማሽ ቀን ሀብት ነው፤ ብዙ ጀልባ ግን ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚያየው። በ1988 ዓ.ም የተጠናቀቀው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከዚህ ዝቅ ብሎ ነው፤ ውኃው ከሐይቁ የሚወጣው በእሱ በሮች ልክ ስለሆነ ጭቃው የሚገለጥበት መጠን በየዓመቱ አንድ አይደለም። ትልልቆቹ ነጭ ይብራዎች እዚህ ናቸው። ሲያጠምዱ አትቅረቡ፣ ቆማችሁ እዩ። ስምንት አሥር ሆነው እንደ ፈረስ ኮቴ ግማሽ ክብ ይሠራሉ፣ ዓሣውን ወደ ዳር እየነዱ ያጠባሉ፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ራሱን ይነክራል። የምንቃሩ ከረጢት መረብ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም፤ ውኃው በጠርዙ እስኪፈስ ጠብቆ ነው የሚውጠው። በበረራ የሚለየው ክንፉ ከሥር ሲታይ ግማሹ ነጭ፣ የኋላው ጠርዝና ጫፉ ጥቁር በመሆኑ ነው።

ድንጋይና ደረቅ ግንድ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚቆም ጥቁር ወፍ ኮርሞራንት ነው። «ዘይት የሌለው ላባ» እያሉ እንደ ጉድለት ያወሩታል፤ ጥቅሙ ግን ከዚያው ነው። ላባው ውኃ ስለሚመጥ አየር አይይዝም፣ ስለዚህ ሳይንሳፈፍ ጠልቆ ዓሣ ያባርራል፤ ዋጋው ከወጣ በኋላ ፀሐይ ላይ መሰጣት ነው። አንገቱ ብቻ ከውኃው ወጥቶ እባብ መስሎ የሚሄደው ዘመዱ ዳርተር ይህንኑ ይበልጥ ያደርገዋል። ነጭና ጥቁሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ አየር ላይ ባንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ይቆማል። ትንሽ ዓሣ ከያዘ እዚያው እየበረረ ሊውጠው ይችላል፤ ለዚህ ነው ከዳር ርቆ፣ ማረፊያ በሌለበት መሐል ውኃ ላይ ሳይቀር የምታገኙት።

በደብረ ማርያም ደሴት ዙሪያ ያለው ደንገልና ፊላ ሞተር ጠፍቶ በመቅዘፊያ የሚታይ ቦታ ነው። የውኃ አበባ ቅጠል ላይ በረዣዥም ጣቶቹ የሚራመደው ሰውነቱ ቀይ ቡናማ የሆነ ወፍ ጃካና ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ከሌላ ወንድ ጋር ሌላ ጎጆ ትጀምራለች። ጎጆውም ተንሳፋፊ ቅጠል ስለሆነ በፍጥነት ያለፈ ጀልባ የሚያስነሣው አንድ ሞገድ እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ይጥለዋል። ሸምበቆ ባለበት ሞተር መቀነስ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የተባሉት የገዳም ደሴቶች ከከተማው ይታያሉ። ክብራን ሴቶች አይገቡበትም፤ ወፍ ለማየት ግን መውረድ አያስፈልግም፣ ደሴቱን ራቅ ብሎ መዞር ይበቃል። በጣና ዙሪያ ትልልቅ ዛፍ የተረፈው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ነው፣ ዓሣ አዳኙ ንስርም ጎጆውን ለዓመታት እያደሰ የሚኖረው እንዲህ ባለው ዛፍ ላይ ነው። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ፣ ክንፉ ጥቁር፤ ጩኸቱን አንዴ የሰማ አይረሳውም። አንዳንድ ጀልባ ላይ ዓሣ ወርውሮ ንስሩን የማስወረድ ልማድ አለ። ፎቶው ያምራል፤ ንስሩ ግን ጀልባ ሲያይ ከጎጆው እየተነሣ ጫጩቱን ለፀሐይና ለቁራ ይተዋል። ካፒቴኑ ቢያቀርብላችሁም ይቅርብን በሉ። ዘጌ ስትወርዱ ዓለሙ ይቀየራል። በቡናው ጥላ ሥር ጦጣ፣ ትልቅ ምንቃር ያለው ሆርንቢል፣ ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አሉ፤ ይህ ግን የጫካ ወፍ ነገር ነው፣ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል።

ስለ ስም አንድ ነገር። በአማርኛ «ሽመላ» ሲባል እንደተናጋሪው ሦስት አራት ዓይነት ወፍ ሊሆን ይችላል፤ ሳቢሳም፣ ይብራም፣ ጋጋኖም እንዲሁ ከቦታ ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ከካፒቴኑ ጋር በስም ከመከራከር በአንገት መነጋገር ይሻላል። ሲበር አንገቱን አጥፎ ትከሻው ላይ የሚያስቀምጥ ረጅም እግር ወፍ ከሳቢሳ ወገን ነው። አንገቱን ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ የሚበር ከሆነ ክሬን የሚባለው ወፍ ወይም ጋጋኖ ወይም ሌላው ሽመላ ነው፤ ከእነዚህ መሐል ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈው ጋጋኖ ነው። አባ ኮዳ ብቻ ይህን ሕግ አፍርሶ አንገቱን ያጥፋል፤ እሱን ግን በራሰ በራነቱ ማን ያጣዋል?

ስትቀርቡ አፍንጫውን ወፉ ላይ አትደግኑ። ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነገር አዳኝ ነው፤ አግድም እያለፈ ቀስ በቀስ የሚጠጋ ግን ብዙም አያስፈራም። 200 ሜትር ላይ ፍጥነት ቀንሱ፣ 100 ሜትር ላይ ሞተሩ ይጥፋ ወይም በዝግታ ይሥራ፣ የቀረውን ንፋሱ ይውሰዳችሁ። ሁሉም ባንድ ጊዜ አንገታቸውን ካቀኑና መብላት ካቆሙ በቂ ቀርባችኋል። መራመድ ከጀመሩ አልፋችኋል። ኩስ ጥለው ክንፍ ካነሡ ጨርሳችኋል፤ የሚነሣ ወፍ ሸክሙን ያቀላል። ጎጆ በበዛበት ቦታ ደግሞ ርቀቱን እጥፍ አድርጉት፤ ወላጁ ከተነሣ በዚህ ፀሐይ እንቁላል የሚበላሸው በደቂቃዎች ነው።

ጉማሬው ሌላ ሒሳብ አለው። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ንጋት ላይ በዚያው በለመደው መንገድ ይመለሳል። እንደ ዓሣ አይዋኝም፣ ከሥር እየተራመደና እየገፋ ነው የሚሄደው፤ አምስት ደቂቃ ያህልም ሳይተነፍስ ይቆያል። ከዚህ የሚከተለው፣ የጠለቀበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ አለመሆኑ ነው። አፉን ሲከፍት እንቅልፉ መጥቶ አይደለም፣ ጥርሱን እያሳያችሁ ነው። በሞተር ጀልባ ከ100 ሜትር አትጠጉ፤ ከጥልቁ ውኃ ጋር አታለያዩት፣ መሸሻው እሱ ነውና። ታንኳ ላይ ከሆናችሁ ወደ ጥልቀት የሌለው ዳር ጠጉ፤ የታንኳውን ጎን በመቅዘፊያ ቀስ ብላችሁ መምታት የት እንዳላችሁ ያሳውቀዋል፣ ራሱን ያወጣና እናንተም ታዩታላችሁ። ጭንቅላቱ ሰጥሞ የውኃው ገጽ እያበጠ ወደ እናንተ ከመጣ ፎቶው ይቅር፣ ሂዱ። በየብስ የሚከሰተው አደጋ ደግሞ ማታና ንጋት ላይ በጉማሬውና በውኃው መካከል በመቆም ነው። ስለዚህ በአባይ ዳር ከመሸ በኋላ ሣር ውስጥ አትግቡ።

እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ምሥራቁ ዳር መታየት ከጀመረ ወዲህ የወፉንም አሰፋፈር አዛብቷል። ምንጣፉ ላይ ጃካናና ትንንሽ ሳቢሳ ሲራመዱ አይቶ «ወፍ ወዶታል» ማለት ስሕተት ነው፤ ክፍት ውኃ የሚፈልጉት ንስሩ፣ ይብራውና ዓሣ አጥማጁ ወፍ ከዚያ ተፈናቅለዋል። ከሥሩ ያለው ውኃ ብርሃንና ኦክስጅን ያጣል። እምቦጩ ሞተሩ ላይ ከተጠመጠመ ፕሮፔለሩን አንሥታችሁ በእጅ አላቅቁ፣ ቁርጥራጩንም ውኃ ውስጥ አትጣሉ፤ ከአንዲት ግንድ አዲስ ይበቅላል። ጀልባው ሰሜን ውሎ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ መልሕቁና ገመዱ ይታይ።

የሕይወት አድን ጃኬቱ ወንበር ላይ ተደርቦ እንዳይቀመጡበት፣ ይለበስ፤ ማሰሪያው የሚዘጋ መሆኑን ወደቡ ላይ ሞክሩ። ቤንዚን ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለንፋስ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ተንሳፍፎ ካያችሁ ከሥሩ መረብ አለ፣ ዙሩበት። ሸምበቆ ዳር በባዶ እግር ውኃ ውስጥ ገብታችሁ አትሳፈሩ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም የሚኖረው እንዲህ ባለው የተረጋጋ ዳር ነው።

አንድ ቀን ተጨማሪ ያለው ሰው ጀልባውን ትቶ በመኪና ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ወረታ በኩል ይሂድ። ከኅዳር እስከ ጥር ከሰሜን የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች በብዙ ሺሕ ሆነው እዚያ ይከርማሉ፤ ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ደግሞ የአገሩ ነው። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ቀበሮም ጅብም ሲመጣ የውኃው ድምፅ ይቀሰቅሳቸዋልና። ጎሕ ሲቀድ ወደ ታጨደው የሩዝና የጓያ ማሳ የወደቀ እህል ሊለቅሙ ይነሣሉ። ከ12 ሰዓት በፊት በማሳውና በሐይቁ መካከል ቆማችሁ ከተገኛችሁ መንጋው በራሳችሁ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ሜዳው ላይ ተበታትነው ቴሌስኮፕ ያስፈልጋችኋል። ማሳው የገበሬ ነው፤ ለባለቤቱ ሰላምታ ሰጥታችሁ በድንበሩ ላይ ሂዱ።